40 ሜትር ከየት እስከ የት?

ጨዋታ ጨዋታን ያነሳዋልና ዛሬ ከሱናሚ ተነስተን ልብ ሕመም ላይ ብንደርስ አትገረሙ።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 የጃፓንን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ የመታው ሱናሚ «40 ሜትር ደረሰ» ሲባል ሰምታችኋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ባለ 13 ፎቅ የውሃ ግንብ ይታየዋል። እንዲያ ያለ ግንብ አልነበረም። ያው ማዕበል ጥልቁ ውቅያኖስ ላይ ሳለ መርከበኛ ልብ ሳይለው ከሥሩ ሊያልፍ ይችላል። 40 ሜትሩ የተገኘው ሚያኮ ከተማ አጠገብ፣ አነዮሺ በሚባል ጠባብ ሸለቆ ነው። ውሃው በግራና በቀኝ ሲጨንቀው ሽቅብ ተንደረደረ፤ ጉልበቱ ያለቀበት ቦታ ከባሕር ጠለል 40 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ።

ማን ለካው? ወደብ ላይ የተተከሉት መሣሪያዎች እንዳትሉኝ። የሚያኮው 8.5 ሜትር ከመዘገበ በኋላ ራሱም አልተረፈም፤ መዝገቡ ላይ ያለው «8.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ» የሚል ነው። የቀረውን የለኩት ወደ 300 የሚጠጉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ 2,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠረፍ ተከፋፍለው ከ5,000 በላይ ቦታዎችን መዘገቡ። የሚፈልጉት ምልክት ተራ ነገር ነው። ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የዓሣ መረብ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ግንድ። የቤቱን ባለቤት ካገኙ «ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ብለው ይጠይቁታል። ከዚያ ምልክቱ ከመሬት ስንት እንደሆነ፣ መሬቱ ደግሞ ከባሕር ጠለል ስንት እንደሆነ ለክተው፣ ማዕበሉ በደረሰባት ሰዓት ባሕሩ ሞልቶ ወይም ጎድሎ እንደነበር ያሰላሉ። ታዲያ መፍጠን አለባቸው፤ ዝናቡ ጭቃውን ያጥበዋል፣ ዝናቡ ባያጥበው ባለቤቱ ያጥበዋል።

ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ ውሃው ከመሬት ስንት ሜትር ቆመ፣ ከባሕር ጠለል ስንት ሆነ፣ በመጨረሻ ሽቅብ ስንት ወጣ። ዜናው ሦስቱንም «ቁመት» ብሎ ይገላገላል።

ቁጥር ደግሞ ሰው ያዘናጋል። መሬት ከተንቀጠቀጠ በ3 ደቂቃ ውስጥ የጃፓን ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ ሚያኮ ላለችበት ለኢዋቴ ጠረፍ ያስተላለፈው ማስጠንቀቂያ «3 ሜትር» የሚል ነበር። የባሕር መከላከያ ግንባችን ከዚህ ይበልጣል ብሎ የተቀመጠ ሰው ነበር። ኋላ ቁጥሩ ከ10 ሜትር በላይ ቢደረግም፣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ብዙዎች ጆሮ አልደረሰም። ከ2013 ወዲህ እጅግ ከባድ ርዕደ መሬት ሲሆን የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ቁጥር አይጠራም፤ «ግዙፍ» ብቻ ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዚህ የተሻለ ሐቀኛ መልስ የለም።

በቁጥር ድርቅ ብሎ መንደሩን ያዳነም አለ። እዚያው ጠረፍ ላይ ያለችው የፉዳይ መንደር ከንቲባ የነበሩት ኮቶኩ ዋሙራ የሚሠራው የባሕር መዝጊያ በር ቁመቱ 15.5 ሜትር ካልሆነ ብለው ሙግት ገጠሙ፤ በ1896 የመታው ሱናሚ እዚያ 15 ሜትር ደርሶ እንደነበር ይወራ ነበርና። ገንዘብ አባከኑ ተብለው ተወቀሱ። በ1997 አረፉ። በ2011 ውሃው በሩን በላዩ ዘሎ ቢያልፍም በሩ አልተሰበረም፤ ከኋላው ያሉት ቤቶች ተረፉ። የመንደሩ ሰው መቃብራቸው ድረስ እየሄደ አመሰገናቸው።

ልቡን ረሳሁት እንዴ? አልረሳሁትም፤ እዚያው ጃፓን ነኝ። የጃፓን ሐኪሞች በ1990 ስለ አንድ እንግዳ የልብ ጡንቻ ሕመም ጻፉ። ታማሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ናት፤ ከ10 ታማሚ 9ኙ ሴቶች ናቸው። ደረቷን ይጨንቃታል፣ በኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) የልብ ደም ስር የተዘጋ ይመስላል፣ በካቴተር (በደም ስር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ገብተው ሲያዩት ግን የተዘጋ ነገር የለም። የልቡ የግራ ታችኛው ክፍል ጫፉ ተነፍቶ ደርቆ ቆሟል፣ አንገቱ ግን ከመጠን በላይ ይጨመቃል። ቅርጹ ጃፓናውያን ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበትን ማሰሮ ስለሚመስል «ታኮትሱቦ» አሉት።

ሕመሙ ከድንጋጤና ከሐዘን በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ከርዕደ መሬት ጋር ይተዋወቃሉ። ኒጋታ የተባለውን የጃፓን ክፍለ ሀገር በኦክቶበር 2004 ርዕደ መሬት ከመታው በኋላ ባሉት ሳምንታት በአካባቢው የታኮትሱቦ ታማሚ በዛ። ከ2011ዱም በኋላ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚያጊ ክፍለ ሀገርን የአምቡላንስ መዝገብ ሲያገላብጡ የልብ ድካምና ሌላውም የልብ ሕመም ጨምሮ አገኙት።

እዚህም ያው የጭቃው መስመር ችግር አለ። ሕመምተኛዋ ካልሞተች ልቧ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያልተነሳችን ሰው ከወር በኋላ ብትመረምሯት ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ደሙም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው፦ ጡንቻው ሲጎዳ የሚፈሰው ትሮፖኒን ይጨምራል፣ ግን ልቡ ያን ያህል መድረቁን ለሚያይ ሐኪም ቁጥሩ ትንሽ ይሆንበታል። ያ አለመመጣጠን ራሱ አንድ ፍንጭ ነው።

የኛ ሰው መርዶ በንጋት፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ አጠገብ ደጋፊ ቆሞ ካልሆነ አይነገርም የሚለው ይህን ኢኮ ሳያይ ነው። ግን ነገሩን ሁሉ ለድንጋጤ መስጠትም ስህተት ነው። ዙሪክ ላይ ተቀምጦ ከብዙ አገር 1,750 ታማሚዎችን የመዘገበው ቡድን በ2015 ሲያሳትም፣ ከሐዘንና ከድንጋጤ ይልቅ የሌላ በሽታ፣ የቀዶ ሕክምናና የመሳሰለው የአካል ጫና በመነሻነት በልጦ ተገኘ፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ምንም መነሻ አልተገኘላቸውም። «ያልፋል» የሚባለውም ሆስፒታል ውስጥ ሳለ ከልብ ደም ስር መዘጋት የማይተናነስ አደጋ አለው። ስለዚህ ደረት ሲጨንቅ «ደንግጬ ነው» ብሎ ቤት መዋል አይቻልም፤ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ካቴተሩን ሳያስገባ አያውቀውም።