ውሃው እስኪቆም

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንን ልንጠይቅ ስንሄድ አብዛኞቻችን የምናየው ሳሎንና ሱፐርማርኬት ነው። እኔ ባለፈው ሐምሌ ሲያትል ስደርስ ግን ልጄ ጀልባ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ከጓደኛው ጋር አዋጥተው የገዟት፣ 28 ጫማ ርዝመት ያላት አሮጌ የሞተር ጀልባ ናት። ምራቴ «ገንዘብ የምትጠጣ ገንዳ» ትላታለች፤ የነዳጁን ወጪ ስሰማ አልፈረድኩባትም።

ባሕር ለእኔ እንግዳ አይደለም። በወጣትነቴ ምፅዋ፣ በባሕር ኃይላችን «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። ስለዚያ ዘመን ለልጆቼ ብዙ አላወራሁም። በኋላ ወደቡም መርከቡም የለም፤ ስለሌለ ነገር ምን ይወራል?

የልጅ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ሳናግረው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም። አንድ ማታ ግን የመርከቤን ስም ጠይቆኝ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገ። ያገኘውን አባቱ ተረጎመልኝ። «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራችን ከመምጣቷ በፊት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነበረች፤ ስሟም «ኦርካ»። የተሠራችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እዚያው ሲያትል አጠገብ፣ ሌክ ዋሽንግተን ዳር በነበረ መርከብ መሥሪያ ነው። የልጄ ጀልባ የምትታሰርበት ሐይቅ! ከአሜሪካ መምጣቷን አውቅ ነበር፤ በልጄ ደጅ መወለዷን ግን ማን ነግሮኝ?

95 ሜትር የሚሆን መርከብ ከሐይቅ በምን በኩል ይወጣል? ልጁም ይህንኑ ጠየቀ። «ቅዳሜ ታያላችሁ» አለ አባቱ።

ሐይቁ ከባሕሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ባላርድ በተባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1917 የተመረቀ የውሃ በር አለ። ጀልባው በሁለት መዝጊያዎች መካከል ይገባል፤ የኋላው ይዘጋል፤ ውሃው ቀስ እያለ ይለቀቅና ጀልባው እንደ አሳንሰር ይወርዳል፤ ከዚያ የፊተኛው ይከፈታል። እንደ ባሕሩ ሙላት የሚወርደው ከ2 እስከ 8 ሜትር ነው። ልጁ ገመድ ይዞ፣ እኔ ከኋላው ቆሜ፣ እርጥቡ ግንብ ባጠገባችን ሽቅብ ሲያድግ አየን። መርከቤም ሌላ መውጫ አልነበራትም። ዓይኔ ሲሞላ «ንፋሱ ነው» አልኳቸው።

የግዛቱ ሕግ ልጆችን ተንሳፋፊ ጃኬት የሚያስለብሰው ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ነው። ምራቴ ግን ሕግ አልጠበቀችም፤ ልጁ መርከብ ወለል ላይ እስካለ ድረስ አያወልቅም። ልክ ናት። የምፅዋ ውሃ ገላ ያሞቃል፤ የፓስፊክ ውሃ በሐምሌም እጅ ያደነዝዛል። «ሞቆታል፣ አውልቁለት» የምንል አያቶች እዚህ ላይ አፋችንን መያዝ ነው።

በማግስቱ ዲሴፕሽን ፓስ ደረስን። በሁለት ገደሎች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ከላይ ረጅም ድልድይ ተዘርግቶበታል። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው ሁሉ በዚያች ጉሮሮ ስለሚያልፍ፣ ሲበረታ በሰዓት እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይጋልባል። የእኛ ጀልባ ሙሉ ጉልበቷ 13 ነው። ስንደርስ ውሃው ወደ እኛ እየመጣ ነበር። ከማዶ፣ ሎፔዝ ደሴት ላይ፣ ጓደኞቹ ምሳ አቅርበው በየአሥር ደቂቃው ይደውላሉ። «ጥግ ጥጉን ይዛችሁ እለፉ» ይሉታል።

ልጄ ዞር ብሎ «ምን ይላሉ አባዬ?» አለኝ።

«የጀልባው አለቃ አንተ ነህ» አልኩት። ሆዴ ውስጥ ግን ሌላ ነበር፤ «እንሂድ» ካለ ልጁን ይዤ ልወርድ ቆርጬ ነበር። የሙላትና ጉድለቱን ሰሌዳ አየ፤ ልጁን አየ። ስልኩን ኪሱ ከተተና «እንጠብቃለን» አለ።

ከመተላለፊያው ወዲህ፣ ኮርኔት ቤይ ላይ ታስረን ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ለአባቱ ያላወራሁትን ለልጁ አወራሁት። ከሞተር ክፍል ስንወጣ የምፅዋ ፀሐይ ቀዝቃዛ ትመስለን እንደነበር፣ በሞተሩ ጩኸት የተነሳ በእጅ ምልክት እንደምንነጋገር። አባቱ ወለል የሚወለውል መስሎ ያዳምጣል፤ አንዱን ቦታ አራት ጊዜ ወለወለው።

«አባባ፣ መርከቧ አሁን የት ናት?» አለኝ ልጁ፤ በአማርኛ።

ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ውሃው ቀሰረ። ሲንሳፈፍ የነበረው የባሕር ሣር ባለበት ቀጥ ብሏል።

«ውሃው ቆመ! አባባ፣ ቆመ!»

አባቱ ሞተሩን አስነሳ፤ በድልድዩ ሥር እንደ ሐይቅ በረጋ ውሃ ላይ አለፍን።

ሎፔዝ ስንደርስ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር። ልጁ ጃኬቱን ሳያወልቅ ለእኩዮቹ ስለ «ኢትዮጵያ» ሲያወራ ሰማሁት። ርዝመቷን 200 ሜትር አድርሷታል። አላረምኩትም።