ቆሞ ማርጀት

ሰው ሲያርፍ ይበረታል፤ መኪና ግን ስትቆም ትታመማለች። መሥሪያ ቤቱ ለእግር ቅርብ ለሆነ የቧንቧ ውሃ ነዋሪ፣ መኪና የምትወጣው ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለዓመታዊው ምርመራ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ቦሎ ለማሳደስ ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ዝም አለ። የሠፈራችን ወጣቶች ቁልቁል ገፍተው አስነሡልኝ። ከምርመራው በፊት ያየልኝ መካኒክ የፍሬኑን ዘይት ቀድቶ ጠቁሮ አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ መኪናዎን ያደከማት መንገድ ሳይሆን መቆም ነው» አለኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ባትሪ ሳይሠራም ኃይሉን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ጎማ ክብደቱን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ስለሚሸከም ቅርፁ ይበላሻል፤ የፍሬን ብረት ይዝጋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ፍሬኑ በጋለ ጊዜም ፈልቶ እንፋሎት ይፈጥራል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናይቱ አትቆምም።

ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል፣ ኮምቦልቻም 1,850 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል ከፍ ብለው ይገኛሉና፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ የሐረጎ ጠመዝማዛ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርደናል።

ዘይቱ ተለውጦ መኪናይቱ ምርመራውን አለፈች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቦሎ በመስተዋት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ዳር አህያውን እየነዳ ለሚሄደው ገበሬም የሚቆም ዋስ ነው። መኪናውን በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚነዳ፣ የፍሬኑንም ዘይት በየሁለት ዓመቱ የሚያስለውጥ ሰው፣ የማያውቀውን ሰው ሕይወት ይጠብቃል።