መልስ የለኝም

አጎቴ የረሱት ነገር አልነበረም፤ ያሳሳተንም እርሱ ነው።

በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምረዋል፤ በኋላም አዲስ አበባ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምረው በጡረታ ተገለሉ። ጎረቤት «እንዲሁ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው የመጣሁት» ሲል፣ ብድር ፈልጎ መሆኑን ከአቀማመጡ ያውቁ ነበር። ሰውየው አፍ አውጥቶ እንዳይሸማቀቅም ቀድመው «ሰሞኑን እጅ አጥሮህ ይሆን?» ይሉታል። ከእርሳቸው ጋር መጨዋወት አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ መስማት ነበር።

እኔ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ቀን ቀን ብር እቆጥራለሁ፣ ማታ ማታ ስንኝ። (የትኛው እንደሚጎድልብኝ አልናገርም።) በ2010 ዓ.ም. ክረምት ስለ አንዲት ልጅ የጻፍኳትን ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ይዤላቸው ሄድኩ። ኅብሩ «መልስ የለኝም» በሚለው ላይ ነው። ሰሙ፣ ከፋዩ ለደንበኛዋ የሚመልሰው ዝርዝር ብር ማጣቱ፤ ወርቁ፣ ልቧን ለሰጠችው ልጅ የሚሰጠው ምላሽ ማጣቱ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ቀላል ኅብር ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ ያገኙትና ይስቁብኝ ነበር። ያን ቀን ግን አተኩረው አዩኝና፣ «ታዲያ ከካዝና ዝርዝር አታመጣም ነበር?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁ። ቀልድ አልነበረም። ግጥሜን ናቁት ብዬ ተቀየምኩ፤ እግሬንም ከቤታቸው አራቅሁ። ገጣሚ ነኝ ባይ ሲቀየም ቅያሜው ረጅም ነው።

በዚያው ሰሞን ጎረቤት ልጅ ሞቶበት፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እንጀራው ምነው ዘገየ?» ማለታቸውን ሰማሁ። ሚስታቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ አሉ። ቤተሰቡ ጡረታው አበሳጭቷቸው ነው አለ። ጃጁ እንዳንል፣ የጥንት ተማሪዎቻቸውን ስም ከነአባታቸው ይጠሩ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ወደ መስኮቴ መጡ። ሰልፉን ጥሰው፣ አንዲት አሮጊት ገፍተው ነው የመጡት። አብሯቸው የማላውቀው ጎልማሳ ቆሟል። 85,000 ብር ማውጣት ፈለጉ። የሒሳብ ቁጥራቸውን ደብተሩን ሳያዩ በቃላቸው ጠሩ። ፊርማቸው ከናሙናው ጋር አንድ ነበር፤ መታወቂያቸውም ትክክል ነበር። ጎልማሳው ግን ብሩን እንጂ እርሳቸውን አያይም። ያንን አይቻለሁ። ያስቀየሙኝ አጎቴ ባይሆኑ፣ ማንኛውም ሽማግሌ ደንበኛ ቢሆኑ፣ «አባባ፣ ይህ ሰው ምንዎ ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አልጠየቅሁም። ቀና ብዬ እንኳ በወጉ ሰላም አላልኳቸውም። ቆጥሬ ሰጠሁ፣ ማኅተም መታሁ፣ «ቀጣይ» አልኩ።

ሰውየው የመሬት ደላላ ነኝ ብሏቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ነርቭ ሐኪም ዘንድ የወሰድናቸው በ2012 ዓ.ም. ነው። ሐኪሟ ቀኑን፣ ወሩን፣ ያሉበትን ከተማ ጠየቀቻቸው፤ መለሱ። ሦስት ቃላት ነግራቸው ቆየት ብላ ስትጠይቃቸው፣ ሦስቱንም ነገሯት፤ በግእዝም ደገሙላት። ቀጥላ የሰዎች ፊት ያለባቸውን ፎቶግራፎች ዘረጋች። በፍርሃት ዓይኑ የፈጠጠ ሰው አሳይታ፣ «ምን ተሰምቶት ይመስልዎታል?» አለቻቸው።

«ጢሙን አልተላጨም» አሉ።

ሚስታቸው ማልቀስ ጀመሩ። አጎቴ ዞር ብለው አዩዋቸውና ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ።

እኛ በአማርኛ ይህን ሁሉ «የመርሳት በሽታ» እንለዋለን። ስሙ ራሱ መርሳትን እንድንፈልግ አዘዘን፤ እኛም መርሳትን ስንፈልግ ሰውየው አመለጡን። የአጎቴ ሕመም ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ይባላል። የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍሎች ያመነምናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። በአንደኛው ዓይነቱ ከትዝታ ቀድሞ የሚሄደው ርኅራኄ፣ የሌላውን ፊት ማንበብ፣ ሽሙጥን ከቁም ነገር መለየት ነው። አታላይን ማወቅም አብሮ ይሄዳል። ሌላው የታወቀው በሽታ፣ አልዛይመር፣ በአብዛኛው ከመርሳት ይጀምራል፤ ነገር ግን አሎይስ አልዛይመር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ስለ 51 ዓመቷ ሕመምተኛው ሲተርክ በመጀመሪያ የታየ ምልክት ብሎ ያስቀመጠው በባሏ ላይ ያደረባትን ቅናት ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ማኅበራዊ ግንዛቤን ከስድስቱ የአእምሮ ችሎታ ዘርፎች አንዱ አድርጎ መድቦታል።

ለእኛ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀርብ ቃል ነበረን፤ ይሉኝታ። ችግሩ፣ ይሉኝታ ያጣን ሰው ባለጌ እንለዋለን እንጂ ሐኪም ዘንድ አንወስደውም። ባለጌ ሁሉ ሕመምተኛ ነው አላልኩም፤ ዕድሜውን ሙሉ ባለጌ የሆነ ሞልቷል። አጎቴ ግን ተለውጠው ነበር። መለወጣቸውን ለማየት ደግሞ ከእኔ የቀረበ አልነበረም፤ በመካከላችን አንድ መስታወት ብቻ ነበር።

የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው ሐኪሟ ነገረችን። ሚስታቸው ግን ያን ቀን ቀለል ያላቸው ይመስላል፤ «ጠልቶኝ አይደለማ» አሉኝ ደረጃውን ስንወርድ።

በ2014 ዓ.ም. የትንሣኤ ማግስት ልጠይቃቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው አልተለወጠም፤ እኔም ከዚያ ፊት መጠበቅ ትቼ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ብዙ ዝም አልን።

«ዝርዝሩን አገኘህ?» አሉኝ በድንገት።

የትኛውን ዝርዝር እንደሆነ እስኪገባኝ ጥቂት ቆየሁ።

«አላገኘሁም፣ ጋሼ።»

«ካዝና ጠይቅ» አሉና ወደ ፀሐይቱ ዞሩ።