ዘንድሮም ዘጠነኛ

መተማ ዮሐንስ ላይ ጥቅምት ሲገባ ክፍል መሳሳት ይጀምራል። ጋዜጠኝነት ተምረን አማርኛ የምናስተምረው እኛ ይህን እስክንለምደው አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም፤ ደርሶ ከቆየ ራሱን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። ስለዚህ ከደጋው የቀን ሠራተኛ በአይሱዙ ተጭኖ ይወርዳል፣ ተማሪዎቻችንም ማጭድ ይዘው ይወጣሉ። እኛ ስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» እንላለን። ልጁ የደብተርና የጫማ ገንዘብ ሊያመጣ እንደሄደ እያወቅን! አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 እዚሁ የወደቁበትን ጦርነት እንኳ የታሪክ መምህሩ ባልደረባችን በጥቅምት አይነካውም፤ ልጆቹ እስኪመለሱ ያቆየዋል።

ታዲያ ሁሉም አይመለስም። ባለፈው መናኸሪያው አጠገብ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰምተን ዞር ስንል፣ ከሦስት ዓመት በፊት ያስተማርነው ልጅ ኩንታል ተሸክሟል።

«ስንተኛ ደረስክ?» አልነው።

«ያው ከዘጠነኛ አላለፍኩም። እናንተስ ቲቸር?»

እኛም ዘንድሮ ዘጠነኛ ነን። አብረን ሳቅን፤ እሱ ግን ሸክሙ ከብዶት ቶሎ ሄደ።

በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ድንበሩን ተሻግሮ የመጣ አንድ የካርቱም መምህር ያገኘነውም እንዲሁ በአጋጣሚ ነው፣ ቡና ስንጠጣ። ቡና የምታፈላው እናት አስተረጎሙልን። ተማሪዎቹን በስም ይቆጥራል፦ አንዱ ካይሮ፣ አንዷ ፖርት ሱዳን፣ የቀሩት የት እንደገቡ አያውቅም።

«የእናንተስ የት ናቸው?» አለን።

«ሰሊጥ ላይ።»

«ይመለሳሉ?»

«ብዙዎቹ፣ ታኅሣሥ ላይ።»

የቡናውን ሒሳብ እሱ ከፈለ። ብንለምነውም እምቢ አለ።