አንድ ድንጋይ የጎደለው ደረጃ

ጭንብል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፊት መደበቂያን ነው። በሰሜን ጃፓን፣ በአኪታ ግዛት፣ ኦጋ በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት የሚለበሰው የናማሃጌ ጭንብል ግን ለእኔ የሚደብቀው የለም፤ ይልቁንም ያሮጀ ዕዳ ያስታውሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሴምበር 31 ሲመሽ የመንደሩ ጎረምሶች ከእንጨት ወይም ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ አስፈሪ ፊት ያጠልቃሉ። የገለባ ካባ ደርበው፣ የእንጨት ቢላዋ ይዘው በየቤቱ እየጮሁ ይገባሉ። «አልቃሻ ልጅ አለ ወይ? የወላጁን ቃል የማይሰማስ? ምራቲቱ በማለዳ ትነሳለች?» ሕፃናቱ እሪ ብለው እናታቸው ጉያ ይወሸቃሉ። አባወራው «ኧረ የእኛዎቹስ ጨዋ ናቸው!» እያለ ያማልዳል፤ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ ይቀዳል። ስሙ ራሱ ስንፍናን ይነካል፦ በብርዱ ወራት ምድጃ ሥር ተጎልቶ የከረመ ሰው ቆዳ ላይ የሚወጣውን የእሳት ምልክት መላጥ ማለት ነው።

አፈ ታሪኩ ደግሞ ይህን ይላል። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ዉ አምስት አጋንንት ይዞ ወደ ኦጋ መጣ። ዓመቱን ሙሉ ጉልበታቸውን እየበዘበዘ አንዲት ቀን ብቻ ለቀቃቸው። እነሱም በዚያች ቀን መንደሩን ዘረፉ፣ ልጃገረዶችን ጠለፉ። የተማረሩት ገበሬዎች ውርርድ አቀረቡ፦ «ዶሮ ሳይጮኽ 1,000 የድንጋይ ደረጃ ከሠራችሁ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ እንሰጣለን፤ ካልሆነ ግን ዳግመኛ እንዳትመጡ!» አጋንንቱ 999ኛውን ሲጨርሱ አንዱ መንደርተኛ እንደ ዶሮ ጮኸ። ሌሊቱ የነጋ መስሏቸው ሸሹ። ደረጃው ዛሬም በአካጋሚ ቤተ መቅደስ አለ።

እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሌሊት 999 ደረጃ የሠራ ፍጡር ተመልሶ «ሰነፍ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል? ገበሬዎቹን አልወቅስም፤ ሴት ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ የለም። ግን ማታለላቸውንም አልሸሸጉም። በገዛ አፋቸው ይተርኩታል፣ ያሸነፉትን ጋኔን ፊት በገዛ ልጆቻቸው ላይ ያጠልቃሉ፣ ደጃቸውን ከፍተው ያስተናግዱታል። አሸናፊ ሆኖ የተሸናፊውን ጥያቄ በየዓመቱ ቆሞ የሚሰማ ስንቱ ነው?

በ2018 ዩኔስኮ ናማሃጌን ከሌሎች የጃፓን ባለጭንብል እንግዶች ጋር በቅርስነት መዝግቦታል። ወጣቱ ግን ወደ ከተማ እየፈለሰ ጭንብሉን የሚያጠልቅ ጎረምሳ የጠፋባቸው መንደሮች አሉ። ጭንብሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር ሕፃናቱ ከለቅሶ ይድኑ ይሆናል፤ ስለ ሺኛዋ ድንጋይ የሚጠይቅ ግን አይኖርም።