የመደገፊያ ግንቡን ወጪ ማን ይክፈል?

በመቀሌ ተዳፋት ሰፈሮች ጎረቤት ከጎን ብቻ ሳይሆን ከላይና ከታችም አለ። እኔ ከታች ነኝ። ከላይ ያሉት ጎረቤቴ ግቢያቸውን ለመደልደል አፈር ሲሞሉ፣ በመካከላችን የነበረው የድንጋይ ካብ ሆዱን ገፍቶ ወደ ልጆቼ መኝታ ቤት አዘነበለ። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል።

«ግንቡ የሚጠብቀው ያንቺን ቤት ነው፤ እኩል እናዋጣ» አሉኝ። ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን መጠየቅ ያለበት ግንቡ ማንን ይጠቅማል ብቻ ሳይሆን፣ የመሬቱን ከፍታ ማን ለወጠው የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ከማድረስ እንዲቆጠብ ያዛል። እንግዲህ አፈር የሞላ አፈሩን ይደግፍ፤ የታችኛው ቆፍሮ የላይኛውን ቢያናጋም ዕዳው የታችኛው ይሁን።

ሽማግሌዎች ባሉበት ይህንኑ ተነጋገርን። እርሳቸው ግንቡን ሊያሠሩ፣ እኔም ከግንቡ የሚወጣውን ውሃ የሚቀበል ቦይ በግቢዬ ላሠራ ተስማማን። የቦዩ ወጪ ከዕቁብ ገንዘቤ ወጣ። ስምምነቱ ተጽፎ ምስክሮች ፈረሙበት።

እናቶች ሆይ፣ ግንብን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከጀርባው የታቆረ ውሃ ነው። ስለዚህ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከጀርባው ጠጠር ይሞላ፤ ሥራውም ከሐምሌ በፊት ይለቅ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። የሚሻለው ግን የየድርሻው ሳይፈርስ በፊት ሲለይ ነው።