የመርካቶው «አያዋጣም»

መርካቶ ስትሄዱ ዓይናችሁን ብቻ ሳይሆን ጆሯችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ከአንዋር መስጊድ ተነስታችሁ ወደ ምናለሽ ተራ ስትዘልቁ አንድ ቃል ከየሱቁ ደጋግሞ ይመጣል፤ «አያዋጣም»። ስሙን «መርካቶ» ብሎ የተወልን በ1928 ዓ.ም. የገባው ጣሊያን ነው፤ አያዋጣም ግን የኛው ነው።

እስቲ ጫማ አንሱ። 3 ሺህ ተባላችሁ፣ 1500 አላችሁ። ሻጩ አይቆጣም፤ ጫማውን በእጁ ጠረግ ያደርግና «አያዋጣም እናቴ» ይላል። «እምቢ» ቢል ኖሮ እምቢ ያለው ሰውየው ነበር። «አያዋጣም» ሲል ግን ጥፋቱ የዋጋው ነው፤ ማንም አልተናቀ፣ ማንም አልተጣላ። ቃሉ ከዕድሩ መዋጮ ጋር ያንድ ቤት ልጅ አይደል? ጨመር አድርጉ ማለትም አለበት። «አያዋጣኝም» ካለ ደግሞ ያቺ «ኝ» ትንሽ ልመና አላት። እኔ የማየው እጁን ነው። ጫማውን ወደ መደርደሪያው ከመለሰው የምሩን ነው፤ በእጁ እንደያዘ ከሆነ ግን ገና ነው። ሦስት እርምጃ ራቅ በሉ፣ «ነይ እንጂ! ስንት ትጨምሪያለሽ?» ይመጣል።

ጎበዝ፣ ችግሩ ቃሉ ከሱቅ ሲወጣ ነው። ባለፈው እዚያው ልብስ ተራ ውስጥ አንዱ ጎረምሳ የአንዲት ልጅ እጅ ይዞ «ስልክሽን ካልሰጠሽኝ አለቅም» ይላል። እሷም ነገሩን በሳቅ ልታሳልፍ ፈልጋ «አያዋጣህም ባክህ» አለችው። «ኧረ ያዋጣኛል!» ብሎ ጭራሽ አጥብቆ ያዛት። ምን ይደረግ፣ የገበያ ሰው ነው፤ በገበያ ቋንቋ ገና ድርድር ላይ ናቸው!

ልጅቷ ሳቋን አቆመች። «እምቢ አልኩ እኮ! እምቢ!» ስትል ድምጿ እስከ ማዶ ተሰማ። ሻጩም ገዢውም ዞረ። በረንዳ ላይ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተነሱና «እምቢ አለችህ አይደል እንዴ? ልቀቃት!» አሉት። ወዲያው ለቀቃት።

«አያዋጣም»ን ያ ተራ በቀን ሺህ ጊዜ ይሰማዋል፤ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።